ኮምፒውተር የማይጠይቀው የኮምፒውተር ትምህርት

አዲስ አበባ ማለዳ ላይ ሠራተኛዋንና ተማሪዋን ከዙሪያዋ ትቀበላለች። ከሰበታ የተነሣው በዓለም ገና አድርጎ አየር ጤና ይደርሳል፤ ከቡራዩ የመጣው አስኮ ላይ ታክሲ ይቀይራል፤ የሱሉልታው የእንጦጦን ጀርባ ተሻግሮ አዲሱ ገበያ ይወርዳል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሦስቱም ከተሞች በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ናቸው። የቤት ኪራዩ ከመሀል ከተማ ስለሚቀል፣ ወይም ቤተሰባቸው እዚያ ቤት ስለሠራ፣ በታክሲ ሰልፉ ላይ የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ተማሪዎች አይጠፉም። በሚኒባሱ የኋላ ወንበር ስልኩ ላይ ያቀረቀረው ልጅ ምን እንደሚያነብ አንዳንዴ ከሩቅ ይታወቃል፦ ክቦች፣ ከክብ ወደ ክብ የሚሄዱ ቀስቶች፣ በቀስቶቹ ላይ 0 እና 1፣ መጨረሻ ላይ አንድ ድርብ ክብ። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነው፤ ፈተናም ደርሶበታል።

ኮርሱ «ኦቶማታና ኮምፕሌክሲቲ ቲዎሪ» ይባላል። በአገራችን በኮምፒውተር ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚይዝ ተማሪ ያልፍበታል። ከሱ በፊት ዲስክሪት ማቲማቲክስ፣ አጠገቡ የአልጎሪዝም ዲዛይንና ትንተና፣ ከሱ ቀጥሎ ኮምፓይለር ዲዛይን አሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ ግዴታ የሆነው የመውጫ ፈተናም ከእነዚህ ኮርሶች ጥያቄ ያወጣል።

ተማሪው ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይዞ ይቀመጣል፦ «ይኼ ለምን ይጠቅመኛል?» በዚህ ኮርስ ድረ ገጽ አይሠራም፤ የስልክ መተግበሪያም አይወጣበትም። ላብ የለውም። መብራት ቢጠፋ፣ ኔትወርክ ቢቋረጥ ትምህርቱ አይስተጓጎልም። ሰሌዳ፣ ጠመኔና የሚያስብ ሰው ካለ በቂ ነው። ይህ እንደ ጉድለት ሲቆጠር ኖሯል፤ ኮምፒውተር እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ግን ከሁሉም ኮርሶች በርካሽ ዋጋ፣ ከየትም ዓለም በማያንስ ደረጃ ሊሰጥ የሚችለው ትምህርት ይኼው ነው።

ክቦቹና ቀስቶቹ ምን እንደሆኑ በአንድ ምሳሌ እንይ። የኢትዮጵያ የሞባይል ቁጥር በ09 ወይም በ07 ይጀምራል፤ 10 አሃዝ አለው። አንድ ሰው ቅጽ ላይ የሞላው ቁጥር ትክክል መሆኑን የሚያጣራ ማሽን አሃዞቹን አንድ በአንድ እያነበበ የት እንደደረሰ ብቻ ያስታውሳል፦ ገና አልጀመርኩም፣ ዜሮ አይቻለሁ፣ ቀጥሎ 9 ወይም 7 አይቻለሁ፣ እያለ እስከ አሥረኛው አሃዝ ይሄዳል። ሕግ ከፈረሰ ወደማይመለስበት ክብ ይገባል። ለዚህ ሥራ 12 ክቦች ይበቃሉ። ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች በየቀኑ ቅጽ የሚያጣሩበት ዘዴ መሠረቱ ይህ ነው። ኮርሱ ግን እዚህ አይቆምም። ቀጥሎ የሚጠይቀው ይህ ዓይነቱ ማሽን ፈጽሞ ሊሠራው የማይችለው ነገር ምን እንደሆነ ነው። ለምሳሌ በአንድ የፕሮግራም ጽሑፍ ውስጥ የተከፈተ ቅንፍ ሁሉ መዘጋቱን፣ ቅንፍ በቅንፍ ውስጥ ምንም ያህል ቢደራረብ፣ ማረጋገጥ አይችልም። 12 ክብ ቢሰጡት አይችልም፤ አንድ ሚሊዮን ቢሰጡትም አይችልም። «አይችልም» የሚለውን ቃል ያለ ጥርጥር ለመናገር የሚያስችል ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብዙ የለም።

ይህ «አይችልም» እንዴት ይረጋገጣል? መልሱን ለማግኘት ወደ ሰበታ መሄድ ይቻላል።

ሰበታን ብዙ ሰው የሚያውቃት በፋብሪካዎቿና የጅቡቲው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር መነሻ በመሆኗ ነው። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤቷ ስም ነበረው። እዚያ በሚነበበው ብሬይል አንዱ ምልክት ቢበዛ ስድስት ነጥብ አለው። እያንዳንዱ ነጥብ ወይ አለ ወይ የለም፤ ስለዚህ 2 ስድስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 64 ዓይነት ምልክት ይገኛል። ባዶው ሲወጣ የሚቀረው 63 ነው። የፊደል ገበታችን ደግሞ 33 ረድፍ፣ በእያንዳንዱ ረድፍ 7 ፊደል፣ በድምሩ 231 አለው፤ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር። 231 እንግዳ 63 ወንበር ላይ ለየብቻ ማስቀመጥ አይቻልም፤ የግድ የሚደራረብ ይኖራል። ስለዚህ የአማርኛ ብሬይል ለእያንዳንዱ ፊደል የተለየ ምልክት አልሰጠም፤ ተነባቢውን ለብቻ፣ አናባቢውን ለብቻ ይጽፋል። ሥርዓቱን ያዘጋጁት ሰዎች የኦቶማታ ኮርስ አልወሰዱም። የገጠማቸው ገደብ ግን የኮርሱ ማዕከል የሆነው ቆጠራ ነው።

ያንኑ ቆጠራ ወደ ማሽኑ እንመልሰው። ማሽኑ ያለው 12 ክብ ብቻ ከሆነና 12 ምልክት ያለው ጽሑፍ ካነበበ፣ የመነሻውን ክብ ጨምሮ 13 ጊዜ ክብ ላይ ይቆማል ማለት ነው። ክቦቹ ግን 12 ናቸው፤ ስለዚህ ቢያንስ አንዱን ክብ ደግሞ ረግጦታል። በሁለቱ እርግጫዎች መካከል ያነበበውን ቁራጭ ብንደጋግምለት ልዩነቱን አያውቅም፤ ያው ክብ ላይ ነው የሚመለሰው። ቅንፍ ለመቁጠር የሚያስፈልገው ግን ይህን ልዩነት ማወቅ ነው። ተማሪዎች «ፓምፒንግ ለማ» ሲባል የሚጨነቁበት ነገር በሙሉ ይህ ነው። በስላይድ ላይ በምልክትና በሁኔታ ታጭቆ ሲቀርብ ግን ይህ ቀላልነቱ ይጠፋል፤ ተማሪውም እንደ ግጥም ይሸመድደዋል።

እዚህ ላይ መታለፍ የሌለበት ጉዳይ አለ። በኢትዮጵያ ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ለረጅም ዘመን ከሒሳብ ሲርቁ፣ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስና ሕግ ብቻ ሲመሩ ኖረዋል። ምክንያት ተብሎ የሚቀርበው ሥዕል፣ ግራፍና መሣሪያ ነው። በኦቶማታ ግን ሥዕሉ ለዓይን ምቾት የተጨመረ እንጂ የግድ አይደለም፤ ማሽኑ በሠንጠረዥ፣ በጽሑፍ፣ በብሬይል ሊጻፍ ይችላል፤ ማረጋገጫውም በቃል ይነገራል። የሰበታ ተማሪዎች የመጀመሪያ ባለመብቶች መሆን በሚገባቸው ትምህርት ውስጥ አለመታየታቸው ትልቅ በደል ነው።

በሀገሪቱ ይህ ትምህርት የሚዳከምበት ዋናው ቦታ ግን ምዘናው ነው። የመውጫ ፈተናው በምርጫ የሚመለስ ነው። አንድ ተማሪ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ከሚሉት ውስጥ ትክክለኛውን ሊያከብብ ይችላል፤ አንድን ነገር ከመነሻ እስከ መድረሻ አስረድቶ ማረጋገጥ መቻሉ ግን በዚህ መንገድ አይለካም። የማይለካ ነገር ደግሞ ቀስ በቀስ ከክፍል ይወጣል። መምህሩ ያለፉ ጥያቄዎችን ይሠራል፤ ተማሪው የቴሌግራም ቻናል ላይ የተለቀቁ መልሶችን ይሰበስባል። የቲዎሪ ኮርስ ያለ ማረጋገጫ ሲሰጥ ይዘቱ ተረስቶ ርዕሱ ብቻ ይቀራል።

ማረጋገጫ ማለት ምን እንደሆነ ለማሳየት ደግሞ የውጭ መጽሐፍ አያስፈልግም። የበዓላት ቀን የሚወጣበት ባሕረ ሐሳብ አለ። የ2016 ዓ.ም.ን በዓላት ለማውጣት 5500 ላይ 2016 ይደመራል፤ 7516 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 11 ይተርፋል፤ አንድ ይቀነሳል፤ ወንበሩ 10 ነው። ወንበር በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው አበቅቴ ነው፤ 20። ወንበር በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው መጥቅዕ ነው፤ 10። የአብነት ተማሪ ሁሉ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 እንደሚሆኑ ያውቃል። ለምን? ወንበር ከ0 እስከ 18 ስለሆነ 19ኙንም እየሞከሩ ማየት ይቻላል። ሌላ መንገድ ግን አለ፦ 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ናቸው፤ ስለዚህ ሁለቱ ብዜቶች አብረው ሲደመሩ ወንበር በ30 የተባዛው ቁጥር ይመጣል፤ ይህ ደግሞ ለ30 ሲካፈል ምንም አይተርፈውም። ሁለቱ ትርፎች እያንዳንዳቸው ከዜሮ በላይና ከ30 በታች ስለሆኑ ድምራቸው 30 ከመሆን ሌላ ምርጫ የለውም። ወንበሩ ዜሮ ሲሆን ብቻ ሊቃውንቱ መጥቅዑን 30 ብለው ይይዙታል። በሦስት ዓረፍተ ነገር ሁሉም ዓመታት፣ ያለፉትም የሚመጡትም፣ አለቁ። ለፕሮግራም የሚያስፈልገው ይህ መንገድ ነው፤ ምክንያቱም ፕሮግራም የሚቀበለው መረጃ 19 ዓይነት ሳይሆን ስፍር ቁጥር የሌለው ነው፤ ሞክሮ መጨረስ አይቻልም።

ይህን ዓይነቱን ትምህርት ለኢትዮጵያ ልጆች በቁም ነገር ያቀረበ አንድ ሰው አለ። ጄላኒ ኔልሰን እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ ተወለደ፤ እናቱ ኢትዮጵያዊት ናቸው፤ ያደገው በአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በኤምአይቲ የዶክትሬት ትምህርቱን በጨረሰበት ዓመት ክረምት አዲስ አበባ መጥቶ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች «አዲስ ኮደር» የተባለውን ነጻ ሥልጠና ጀመረ። ኮዲንግ የሚለው ስም እንዳያሳስት፤ ተማሪዎቹ በፓይተን ቋንቋ መጻፍ ጀምረው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ራሱን የሚጠራ ፕሮግራም፣ ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግና ግራፍ ላይ ይደርሳሉ፤ በሌላ ቦታ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ላይ የሚሰጥ ነገር ነው። እስካሁን ከ500 በላይ ወጣቶች አልፈውበታል፤ ከነሱም ሃርቫርድ፣ ኤምአይቲና ስታንፎርድ የገቡ አሉ።

ኔልሰን ራሱ የሚመራመርበት መስክ ከአስኮ እስከ ቡራዩ ባለው መንገድ ላይ ሊገለጽ የሚችል ነው። አንድ የቴሌኮም ማማ በቀን ውስጥ ስንት የተለያዩ ስልኮች እንዳለፉበት ማወቅ ይፈልጋል እንበል። ያው ስልክ ጠዋትና ማታ ስለሚያልፍ እያንዳንዱን ማለፍ መቁጠር ስሕተት ነው፤ ያለፈውን ሁሉ መዝግቦ ማመሳከር ደግሞ ብዙ ማኅደረ ትውስታ ይበላል። መፍትሔ የሚሆነው አልጎሪዝም ለእያንዳንዱ ስልክ ቁጥር ዘውድና ጎፈር እንደመጣል ያለ ዕጣ ያወጣለታል፤ ያው ቁጥር ተመልሶ ሲመጣ ያው ዕጣ ነው የሚደርሰው። ማሽኑ የሚያስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እስካሁን ከታዩት ሁሉ በተከታታይ ብዙ ጊዜ ጎፈር የወጣለት ስንት ጊዜ ወጣለት? በተከታታይ 20 ጊዜ ጎፈር የሚወጣው በአማካይ ከ1,048,576 አንዱ ነው። እንደዚያ ያለ ቁጥር ከታየ ያለፉት የተለያዩ ስልኮች አንድ ሚሊዮን ገደማ ናቸው ብሎ መገመት ይቻላል፤ አንዱ ስልክ መቶ ጊዜ ቢመላለስም ግምቱን አይቀይረውም። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፍላዦሌና ማርቲን አመጡት፤ ኔልሰን ከዳንኤል ኬንና ከዴቪድ ውድረፍ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2010 ከዚያ በታች ሊወረድ የማይችል የማኅደረ ትውስታ መጠን የሚጠቀም አልጎሪዝም አቀረበ፤ ጽሑፉም በቀረበበት ጉባኤ የምርጥ ጽሑፍ ሽልማት አገኘ። ሚሊዮኖችን ለመቁጠር ሚሊዮኖችን ማስታወስ አያስፈልግም የሚለው እውነት የተገኘው በወረቀትና በእርሳስ ነው።

ከቲዎሪ ወደ አገር የሚያደርሰው መንገድ ሁልጊዜ ይህን ያህል አጭር አይደለም፤ ቢረዝምም ግን አለ። ከሱሉልታ የታሸገ ውኃ ጭኖ የሚነሣ መኪና በሸገርና በአዲስ አበባ ለሚገኙ 19 ሱቆች አድርሶ ይመለሳል እንበል። አጭሩን መንገድ ለማግኘት የሱቆቹን ቅደም ተከተል ሁሉ እንሞክር ብንል ብዛቱ ከ121 ኳድሪሊዮን በላይ ነው። በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ቅደም ተከተል የሚመረምር ኮምፒውተር 3 ዓመት ከ10 ወር ገደማ ይፈጅበታል። ከዚህ በብልሃት የሚፈጥኑ ዘዴዎች አሉ፤ ነገር ግን ለማንኛውም የሱቅ ብዛት በፍጥነት ትክክለኛውን መልስ የሚሰጥ አልጎሪዝም እስካሁን ማንም አላገኘም፤ የለም ብሎ ያረጋገጠም የለም። ስቲቨን ኩክ እ.ኤ.አ. በ1971 የከፈተው፣ ሪቻርድ ካርፕ በ1972 በ21 ችግሮች ያሰፋው ጥያቄ ይህ ነው፤ ክሌይ የተባለው የሒሳብ ተቋም ለሚመልሰው አንድ ሚሊዮን ዶላር ካስቀመጠ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። የማድረሻ መተግበሪያ ለሚሠራ ወጣት ይህን ማወቅ ቅንጦት አይደለም። የማይገኘውን ፍጹም መልስ እያሳደደ ወራት ከሚያጠፋ፣ ክሪስቶፊደስ እ.ኤ.አ. በ1976 ወዳሳየው ይሄዳል፦ የመሄጃውና የመመለሻው ርቀት እኩል ከሆነ፣ ርዝመቱ ቢበዛ የአጭሩ መንገድ አንድ ተኩል እጥፍ የሆነ መንገድ በፍጥነት ማግኘት ይቻላል። ያንን ወሰን በጥቂቱም ቢሆን ለመቀነስ ተመራማሪዎች ከ40 ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል፤ የተሳካው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው።

በአዲስ አበባ አልጎሪዝም የሚያጠኑ ተማሪዎች አሁን ከቀድሞው በዝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረው ኤ ቱ ኤስ ቪ ለምሳሌ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለትልልቅ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች የቅጥር ፈተና በዳታ ስትራክቸርና በአልጎሪዝም ያዘጋጃል። ጥሩ ሥራ ነው፤ ልጆቹ በቀን ብዙ ጥያቄ ይሠራሉ፤ እጃቸው ይፈታል። ይህ ግን የሴሚናርን ቦታ አይተካም። በሴሚናር ሰው ቸኩሎ መልስ አይሰጥም። አንድ ሰው አንድ ጽሑፍ አንብቦ ሰሌዳው ፊት ይቆማል፤ የቀሩት «ይኼ እርምጃ ከየት መጣ?» እያሉ ያስቆሙታል፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ በአንድ ገጽ ላይ ሊውሉ ይችላሉ። ኢትዮጵያ ኮርሱ አላት፤ ሥርዓተ ትምህርቱም መጥፎ አይደለም። የጎደላት ይህ ልማድ ነው።

ልማዱ ከትንሽ እንደሚጀምር ለማወቅ የረድኤት አበበን ታሪክ ማየት ይበቃል። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ረድኤት ሃርቫርድ ሒሳብ ተማረች፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬቷን ያዘች፤ በዩኒቨርሲቲው ታሪክ በዚህ ትምህርት ዶክትሬት የያዘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። ከጥናቶቿ አንዱ ድጎማ ለየትኛው ቤተሰብ ይሰጥ የሚለውን ጥያቄ በአልጎሪዝም መርምሮ፣ የገቢ መጠን ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡ ድንገተኛ ጉዳት የሚገጥመው በምን ያህል መሆኑ ውሳኔውን እንደሚለውጥ ያሳየ ነው። ገና ተማሪ ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ከኪራ ጎልድነር ጋር አልጎሪዝምንና የማኅበረሰብ ችግርን አገናኝቶ የሚያነብ የንባብ ቡድን አቋቋመች። በኢንተርኔት የሚገናኝ ጥቂት ሰው ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ከዚያ ቡድን የራሱ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ወጣ።

የሴሚናር ቦታን በተመለከተ ደግሞ ጀርመን ጥሩ ትምህርት ትሰጣለች። ዳግሽቱል የተባለው የኮምፒውተር ሳይንስ ሴሚናር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1990 የተቋቋመው በበርሊን ወይም በሙኒክ ሳይሆን ከትልቅ ከተማ በራቀ ገጠር፣ በአሮጌ የመሳፍንት ቤት ውስጥ ነው። ተጋባዦቹ ሳምንት ሙሉ አብረው ያድራሉ፤ አብረው ይበላሉ፤ በማዕድ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ ሳይቀር በዕጣ ይወሰናል፤ የማይተዋወቁ እንዲነጋገሩ። በመስኩ ትልልቅ ሐሳቦች ላይ እዚያ ውይይት ተደርጓል። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አትሌቶች ለአየሯ ብለው ይሄዱባታል፤ ከአዲሱ ገበያ ብዙ አትርቅም። በቡራዩ ተሰጥኦ ያላቸውን ወጣቶች የሚያሠለጥን ተቋም ተገንብቷል። በሰበታ ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ተማሪዎች የሚያስተምሩ መምህራን የሚሠለጥኑበት ኮሌጅ አለ። ግቢ አለ፤ መኝታ አለ፤ ሰሌዳም አለ። በክረምት አንድ ሳምንት ሃያ መምህራንንና ተማሪዎችን ሰብስቦ በአንድ ርዕስ ላይ ማዋል አንድ ላብራቶሪ ከማደስ የሚበልጥ ወጪ አይጠይቅም።

ለዚህ ግን አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ክፍል ይክፈቱ። መምህራን በሴሚስተሩ መጨረሻ ከምርጫ ፈተናው ጎን አንድ ማረጋገጫ በሰሌዳ ላይ እንዲቀርብ ይጠይቁ፤ ማርክም ይስጡበት። በየማለዳው ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የምትመጡ ተማሪዎችም አራት አምስት ሆናችሁ በሰፈራችሁ መጀመር ትችላላችሁ። ጄላኒ ኔልሰን በሃርቫርድ ሳለ የሰጠው «አድቫንስድ አልጎሪዝምስ» የተባለው ኮርስ በዩቲዩብ በነጻ ይገኛል፤ አንዱን ክፍለ ጊዜ በየሳምንቱ አውርዳችሁ፣ በየመሀሉ እያስቆማችሁ፣ ያልገባችሁን እርምጃ ራሳችሁ ወረቀት ላይ አረጋግጡት።